የቤት ዋጋ የማትጠይቀው ሰዓዳ

አማቴ እማማ ጥሩዬ የሚደውሉልኝ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ባለፈው ወር ግን በሥራ ቀን፣ ገና በማለዳ ደወሉ። እኔ ኩዌት፣ ሳልዋ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ለማዳም ልጆች የትምህርት ቤት ዳቦ እየጠቀለልኩ ነበር።

"ዓለም፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ።

"ቁጭ ብያለሁ እማማ" አልኳቸው፤ ቆሜ።

"ሰዓዳ አረፈች።"

ዳቦውን መጠቅለሌን አልተውኩም። በሰው ቤት ሐዘን እንዲህ ነው፤ ዓይን ያነባል፣ እጅ ሥራውን አይለቅም። ባለቤቴ መላኩ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ፤ ያኔ ግን ሰዓዳ ነበረች። አሁን ለእሷ ለራሷ ከማን ጋር እንደማለቅስ ጨነቀኝ። አገር ቤት ሄጄ ለቅሶ መቀመጥ አልቻልኩም። ስለዚህ በየእረፍት ቀኔ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ይህን ጻፍኩላት።

ሰዓዳ ወሎ ውስጥ ቃሉ የሚባል ወረዳ የገጠር ልጅ ናት። ኩዌት የገባችው ጸጉሯ ጥቁር ሳለ ነው፤ እኔ ሳውቃት ከሻሿ ሥር ሽበት ብቅ ይል ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከራሷ የሚበልጥ። ነገር ሲከብዳት የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ትይዛለች፤ ጫፉ ከጥርሷ ሲወጣ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው። ያላት ሻሽ ሁሉ አንድ ጥጉ የታኘከ ነበር።

የተዋወቅነው ጀምዒያ ውስጥ ነው፤ ሳልዋ ያለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሸምትበት ትልቁ ሱቅ። አገሩን ገና አልለመድኩም፤ የዓረብኛ ጽሑፍ አላነብም፤ ዱቄቱ ፊት ቆሜ አንዱን አንሥቼ አንዱን እመልሳለሁ።

"እሱ የኬክ ነው" አለችኝ አንዲት ሴት ከኋላዬ በአማርኛ። "ማዳምሽ ለዳቦ ካለችሽ ከታች ያለውን አንሺ።"

"ያገሬ ልጅ መሆኔን በምን አወቅሽ?" አልኳት ደንግጬ።

"ባረማመድሽ። ሜዳ ላይ ዳገት እየወጣሽ ነው እኮ! የደሴ ሰው ነሽ፣ ተሳሳትኩ?"

አልተሳሳተችም። ያን ቀን ስለምትበልጠኝ "እርስዎ" ልላት ስሞክር "አንቱ ስትይኝ ጥርሴ ይነቃነቃል፤ ተይኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ አንቺ ተባባልን። የምትሠራበት ቪላና የኔ ማዳም ቤት በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ቆሻሻ ልናወጣ ስንወጣ በሩ ላይ እናወራለን፤ ጁመዓ ደግሞ እረፍት ከሰጡን የወሎ ልጆች ተባብረው አርዲያ ሰፈር ወደተከራዩዋት ክፍል አብረን እንሄዳለን።

በዚያች ክፍል የሚወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቤት ነው። ሁላችንም ከአገር የወጣነው ለቤት ነው ማለት ይቻላል። አንዷ ቦታ ገዛሁ ትላለች፣ አንዷ ጣሪያ አስመታሁ ትላለች፤ የቀረነው በአንድ አፍ "ስንት ፈጀ?" እንላለን። ሰዓዳ ግን የቤት ዋጋ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የእሷ ጥያቄ አንድ ነበር፦ "ማን ይተኛበታል?"

ለይላ የምትባል ልጅ አንድ ጁመዓ በስልኳ ባለ አንድ ፎቅ ቤቷን እያሳየችን ነበር። መስታወቱ ሰማያዊ፣ በሩ ላይ የአንበሳ ምስል አለበት። ሰዓዳ ስልኩን ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው።

"ማሻአላህ። ማን ይተኛበታል?"

"ለጊዜው ማንም የለም። ወንድሜ እህል ያስቀምጥበታል።"

"እንግዲያስ አይጦቹ ከአንቺ ቀድመው ፎቅ ወጡ በያ!"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ለይላም አብራ ሳቀች። ሲመሽ ግን በሩ ላይ ሰዓዳን ይዛ ስታማክራት አየሁ። ከዓመት በኋላ እናቷን ከገጠር አምጥታ ፎቁ ላይ አስገባቻቸው።

ሰዓዳ ራሷ አንድ ጊዜ ቤት ነበራት። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ለወንድሟ ሙሉ ውክልና ልካለት ነበር። "ወረቀቱን ሲያነቡልኝ፣ 'ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ' ሲሉ፣ እኔ እቴ እንደ ምርቃት ነው የሰማሁት። አሚን ማለት ነው የቀረኝ።" ወንድሟ ቤቱን ሸጦ ነገደበት፤ ንግዱም አልሆነለትም። "አልረገምኩትም። አሚን ያልኩት እኔ ነኝ" ብላ ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ጨመረችና ስለ ሌላ ነገር አወራች።

ስለ ቤት እንዲያ ያደረጋት የራሷ ነገር ብቻ ነው ብዬ ግን አላምንም። የምትሠራላቸው አሮጊቷ ማዳም ነገርም አለ። ባላቸው ሲሞቱ የሳልዋው ቪላ ለልጆቻቸው ውርስ ሆነ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ የራሱን ቤት መግዛት ፈለገ፣ ተሸጠ። እናትዬዋን ታላቅየው ሙባረክ አል-ከቢር በሚባል ሌላ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ላይኛው ፎቅ ወሰዳቸው። ክፍሉ ያማረ፣ መጋረጃው አዲስ። ሰዓዳም አብራ ሄደች።

አንድ ጁመዓ ልጠይቃት ሄጄ አየሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮጊቷ ጥቁር አባያቸውን ለበሱ፣ ቦርሳቸውን ያዙና "ሰዓዳ፣ ተነሺ፤ ወደ ቤታችን እንሂድ፣ መሸ" አሉ። የልጃቸው ሚስት "እማማ፣ ቤትሽ እኮ ይሄው ነው" አለቻቸው። አሮጊቷ ማልቀስ ጀመሩ። ሰዓዳ አልተከራከረችም። ጫማዋን አደረገች፣ ክንዳቸውን ያዘች፣ በአሳንሰሩ ይዛቸው ወረደች። እኔም ተከተልኩ። ግቢውን ዞርን፤ የጎረቤቱን አጥር አለፍን፤ አሮጊቷ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ሟች ባላቸው አወሩ። ዞረን እዚያው በር ደረስን።

"ደረስን ማዳም" አለች ሰዓዳ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አሮጊቷ፤ ገብተው አባያቸውን አወለቁና እራታቸውን በሉ።

በየቀኑ እንዲህ ታደርግ ነበር። ጉልበቷ እያመማት፣ በበጋውም በአቧራውም። "አልሰለቸሽም?" አልኳት። "ምን ይሰለቸኛል? በቀን አንድ ጊዜ ሰው ቤቱ ማድረስ ቀላል ነገር መሰለሽ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው "የአሮጊት ቤት አይሸጥም" የሚለውን ሃይማኖት የያዘችው።

የመላኩን መርዶ የነገረችኝ እሷ ናት። ከደሴ የደወሉት ለኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር። ማዳሟን አስፈቅዳ መጣችና መጀመሪያ "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ። "በልቻለሁ" አልኳት። "ውሸታም" ብላ ሩዝ አሙቃ ፊቴ አስቀመጠች፤ ጨርሼ እጄን እስክታጠብ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ላይ ይዛኝ ወጥታ እንደ አገር ቤት ደረቴን እንድመታ ተወችኝ። ከታች ማዳም ስትጣራ ወርዳ ሥራዬን የሠራችው እሷ ነበረች።

አርባው ሳይወጣ የመላኩ ወንድም ካሳሁን ደወለ። ደሴ ያለው ቤት የአባታቸው ነው። አማቴ ይኖሩበታል፤ ልጄ ቤዛም ከእሳቸው ጋር ናት። ካሳሁን የፈለገው ቤቱ እንዲሸጥና ሁሉም ድርሻውን እንዲይዝ ነው። "ሙሉ ውክልና ላኪልኝና ልጨርሰው፤ አንቺም የራስሽን ቤት ግዢበት" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሄዷል። አንዲት ደላላ በስልክ አዲስ አበባ የሚሠራ የአፓርታማ ቪዲዮ ትልክልኝ ነበር። ሳሎኑ ነጭ፣ በረንዳው በአበባ የተከበበ። መላኩ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን በረንዳ ነበር። በምድር ላይ ማንም "ውጪ" የማይለኝ ቦታ ፈለግሁ።

ለሰዓዳ አሳየኋት።

"ይሄ ቤት የት ነው ያለው?"

"ገና ሊሠራ ነው።"

"ሥዕል ላይ ማን ይተኛል፣ ዓለምዬ?"

"በኋላ እኮ ነው!"

"እስከዚያ አማትሽና ልጅሽስ? ካሳሁን ሳሎን ወለል ላይ?" የሻሿ ጫፍ ጥርሷ መሃል ገባ። "አርባው እንኳ አልወጣም። ዓይንሽ በእንባ እንደተሞላ አትፈርሚ። የአሮጊቷን ቤት አትንኪ። አባያቸውን ለብሰው በር ላይ ሲቆሙ ማን ሊያዞራቸው ነው?"

ተጣላን። "አንቺ ቤትሽ ስለተሸጠ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል" አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ውክልናውን ልሰጥ ኤምባሲ ለመሄድ ማዳምን አስፈቅጄ ስወጣ መንገዱ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ልታስቀሪኝ ነው የመጣሽው?"

"ቀሚስሽን ይዤ ልጎትትሽ? ብቻሽን ወረፋ እንዳትቆሚ ነው።"

ወረፋው ረጅም ነበር። ተራዬ ሲቃረብ ሰዓዳ በጆሮዬ "አማትሽ ምን አሉ?" አለችኝ።

"ካሳሁን ተስማምታለች ብሎኛል።"

"እኔ ካሳሁንን አልጠየቅኩም።"

አማቴን አልጠየቅኋቸውም ነበር። የልጅ ሐዘን ላይ ያሉ እናት እንዴት ስለ ቤት ይጠየቃሉ ብዬ ነው። ካሳሁንም እንደዚያው ብሎ ይሆናል። ሰዓዳ እዚያው ወረፋ ላይ ስልኬን ተቀብላ ለአማቴ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

"እናቴ፣ ሰዓዳ ነኝ፤ የዓለም ጓደኛ። አላህ ያጽናዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እርስዎ ቤቱ እንዲሸጥ ይፈልጋሉ ወይ?"

እኔም እሷም መልሱን የምናውቀው መስሎን ነበር። ሰዓዳማ ለድል አገጯን ቀና አድርጋለች።

"ይሸጥ" አሉ እማማ ጥሩዬ።

"እንዴት አሉኝ?"

"ይሸጥ አልኩሽ። ልጄ፣ ይሄ ቤት ዳገት ላይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚያወጣልኝ መላኩ ነበር። ብርዱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ቤተ ክርስቲያን ወርጄ መመለስ ካቃተኝ ቆየ። በየጥጉ የማየው የሞተብኝን ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ ሜዳ ነው፤ ሙቀት ነው። ብቻ ማንም ወዴት ትሄጃለሽ አላለኝም። ካሳ 'እኔ ጋ' ይላል። እኔ እድሜዬን ሙሉ የራሴን በር ስከፍት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በስተርጅና የልጄን ሚስት ቁልፍ አልለምንም።"

ሰዓዳ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ኋላ ጫፉ ከጥርሷ ወጣ።

"እናቴ፣ እኔ ተሳስቻለሁ። እንዳይሸጥ ብዬ ከልጅዎ ጋር ልደባደብ ምንም አልቀረኝም ነበር። የሌላ አሮጊት ልብ ይዤ የእርስዎን ሳልጠይቅ።" ከዚያ ሳቀች። "ይበሉ፣ የት መተኛት እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ።"

ይህቺን ሴት ከምወድባቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ብዙ መካሪ አይቻለሁ፤ በሰው ፊት፣ ወረፋ ላይ፣ ድምፅ ሳይቀንስ "ተሳስቻለሁ" ያለ ግን ሌላ አላውቅም።

ተራዬ ደረሰና ጸሐፊው "ውክልናው መሸጥ መለወጥንም ይጨምራል?" አለኝ። "አይጨምርም" አልኩት። ውክልናውን ለአማቴ ላክሁ፤ የወራሽነት ማስረጃ እንዲያወጡ ብቻ። እዚያው ሰዓዳ "አሮጌው በር የሚዘጋው አዲሱ ሲከፈት ነው" ያለችው ነገር ውላችን ሆነ፤ ቤት ሳይገኝ ሽያጭ የለም።

ካሳሁን ተቆጣ። "ኩዌት ያለች ወጥ ሠሪ ናት ቤታችንን የምታዘው?" አለኝ። ለሰዓዳ ስነግራት አልከፋትም። "ወጥ ሲያርር ሽታው ቀድሞ የሚደርሰው ለወጥ ሠሪዋ ነው በይልኝ" አለች። አልኩለትም። ዋል አደር ሲል ራሱ በረደ፤ እናቱ ፊት ለፊት አናግረውታል።

ማስረጃው ሲወጣ ያላሰብነው ነገር መጣ። የመላኩ ድርሻ የኔ አይደለም፤ የልጃችን የቤዛ ነው። እኔ ሞግዚቷ ብቻ ነኝ፤ ለመሸጥም ፍርድ ቤት መፍቀድ አለበት። የበረንዳውን አበባ ያን ቀን ተሰናበትኩት። አልቅሻለሁም። ዳኛው መጀመሪያ የጠየቁት "ቤቱ ሲሸጥ ልጅቷ የት ትኖራለች?" ብለው ነው አሉ። ለሰዓዳ ስነግራት "ወላሂ እኔ ፍርድ ቤት ነበር መቀጠር የነበረብኝ፤ እዚህ ዓሣ ስጠብስ እድሜዬ አለቀ" አለች።

ከዚያ ኮምቦልቻ ቤት ፍለጋ ተጀመረ። ደላላ የሚልከውን ቪዲዮ ሰዓዳ አታይም፤ "ሙሽራ በፎቶ አትታጭም" ትላለች። ቤዛና አያቷ ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲደውሉ ታደርጋለች፤ እኛ አርዲያ ክፍል ውስጥ ስልኩን ከበን እናያለን። "ቤዛዬ፣ ቧንቧውን ክፈቺ። ግድግዳውን ኳኳ አድርጊ። በሩን ዝጊና ብርሃኑን አሳዪኝ።" ይህ ሁሉ ለይስሙላ ነው። ዋናው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ "አሁን ጎረቤት ጥሪልኝ።"

አንድ ቤት በር ላይ ከድጃ የምትባል ሴት መጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ አለ።

"እህቴ፣ ውሃ መቼ መቼ ይመጣል?" አለቻት ሰዓዳ።

"ማክሰኞና ቅዳሜ።"

"ማክሰኞ ሲሉ ማክሰኞ ነው፣ ወይስ እንደ ልቡ?"

ከድጃ ወደ ሻጩ ዞር ብላ አየች። ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንደ ልቡ ነው" አለች ከድጃ።

ሰዓዳ ስልኩን ሰጠችኝ። "ግዢው። ጣሪያ ይጠገናል፤ ሻጭ ፊት እውነት የሚናገር ጎረቤት ግን በትእዛዝ አይሠራም።"

ገዛነው። የአማቴ ድርሻ፣ የቤዛ ድርሻና እኔ ያጠራቀምኩት ተደምሮ። ካሳሁንም የራሱን ወሰደ። ሁለተኛውን ውክልና የላክሁት ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ በኋላ ነው፤ የሚሸጠው የትኛው ቤት፣ የሚገዛው የትኛው ቤት እንደሆነ ተጽፎበት። ያ የአዲስ አበባው ሕንጻ ይሠራ አይሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ አሁንም በረንዳው ይመጣብኛል። ኮምቦልቻው ቤት በረንዳ የለውም፤ ሦስት ክፍል ነው፤ አንደኛው የኔ ነው ተብሎ ተቀምጧል። እኔ ግን እስካሁን አላየሁትም።

አሮጊቷ ማዳም ሲሞቱ ሰዓዳ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ማለት ነው፣ አላሳደሰችም። በዚያ ላይ ታማ ነበር፤ ደብቃናለች። አገሯ ገብታ ቃሉ እህቷ ጋ ሰነበተች፤ ሕመሙ ሲጠና ሐኪም ቤት የሚቀርበው ኮምቦልቻ ሆነ። እማማ ጥሩዬ ደውለው "የት ላስተኛት?" አሉኝ። "የኔ ክፍል" አልኳቸው።

በማግስቱ ደወለችልኝ። ድምጿ ቀጥኗል፣ ሳቋ ግን ያው ነው። "አልጋሽ ይጮኻል፤ ስትመጪ እንዳትገላበጪበት፣ ሰፈር ትቀሰቅሻለሽ" አለችኝ። እማማ ከድጃን ጠይቀው አልጋውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙረውላታል። የኛን ሥጋ እንደማትበላ ስለሚያውቁ ሥጋ የሚገዛው በከድጃ እጅ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር፤ ድስቱም ተለይቷል። ማታ ማታ ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ አለችኝ ቤዛ። ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቃት "ስለ ሰው ቤት ሁሉ" አለች።

ቤዛ እንደነገረችኝ፣ ያረፈችው ሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት ሰዓት ላይ ነው። ከድጃና የሰፈሩ ሴቶች አጠቧት። ረፋድ ላይ የቃሉ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ግቢው አልበቃቸው ብሎ መንገዱ ላይ ቆሙ። ሰዎቹ ቤቱ የማን እንደሆነ አያውቁም። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ ቃሬዛው ትከሻ ላይ ወጥቶ በሩን ሊያልፍ ሲል አስቆሙትና ወደ አማቴ ዞሩ።

"እመቤቴ፣ ልጃችንን በክብር አስታመማችኋት። የቤቱን ባለቤት ጥሩልን፤ ሳናመሰግን አንሄድም" አሏቸው።

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ይዛችኋት እየወጣችሁ ነው" አሏቸው።